ኢንተርኔት ስታስገቡ ላፕቶፓችሁ ላይ ምንም አታስጭኑ

ልደታ ኮንዶሚኒየም እኛ ብሎክ ውስጥ ጋሼ የምላቸው ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። ባለፈው ክረምት ቤታቸው ዋይፋይ አስገቡ። ልጆቻቸው ውጭ ስለሆኑ በቪዲዮ ለማውራት ብለው ነው። መስመሩን ሊያስገባ የመጣው ልጅ ገመዱን ስቦ፣ ሳጥኗን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ መብራቷ አረንጓዴ ከሆነ በኋላ፣ "አባባ፣ አሁን ላፕቶፑን ያምጡልኝና ሶፍትዌሩን ልጫንልዎት፣ ያለሱ አይሠራም" አላቸው። አመጡለት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩ። "ልጄ፣ እስቲ ና እየው፣ ኮምፒውተሬ ፈዘዘብኝ" አሉኝ።

ሄጄ አየሁት። ብራውዘሩ ሲከፈት የሚመጣው ገጽ ተቀይሯል። ታች ሰዓቱ አጠገብ አዲስ ምልክት ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም ገብቷል፣ ከሱ ጋር ደግሞ ማንም ያልጠየቀው "ኮምፒውተር አፍጣኝ" የሚባል ሌላ ነገር ተለጥፎ መጥቷል። ሁሉንም አንድ በአንድ አጠፋሁት። ከዚያ ብራውዘሩን ከፈትኩና ልጃቸው ጋ ደወልን። ጥርት ብሎ ሠራ። "ያለሱ አይሠራም" የተባለው ነገር ጠፍቶ ኢንተርኔቱ እንደነበረ ነው።

ይሄን የምጽፈው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ቤቱ መስመር ሲገባ የተባለውን ሁሉ እሺ ይላል፣ ምክንያቱም እንቢ ካለ መስመሩ የሚቀርበት ይመስለዋል። እንቢ ማለት ይቻላል። ግን እንቢ ለማለት መስመሩ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደማይፈልግ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

መስመሩ የሚፈልገው

ኢንተርኔት ቤት ለመግባት ሦስት ነገር ይበቃዋል። መስመሩ ራሱ፣ መስመሩን የሚቀበል ሳጥን፣ ከዚያ ሳጥኑ ለድርጅቱ "እኔ የእገሌ ቤት ነኝ" ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅበት መንገድ። ሰው የሚደናገረው ሦስተኛው ላይ ነው። ትውውቁ የሚካሄደው በሳጥኑና በድርጅቱ መሃል ነው። ላፕቶፓችሁም ስልካችሁም እዚያ ውስጥ የሉበትም። እነሱ ከሳጥኑ ወዲህ ያሉ ተጠቃሚዎች ናቸው፣ ልክ አምፖል ከቆጣሪ ወዲህ እንዳለው። አምፖል ለመቀየር ቆጣሪ አንባቢ አይጠራም።

ፋይበር ከሆነ፣ ሳጥኗ ጀርባዋ ላይ የተጻፈ የራሷ መለያ ቁጥር አላት። ድርጅቱ ያንን ቁጥር ሲስተሙ ላይ መዝግቦ ሲፈቅድላት ትከፈታለች። ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ዩዘር ኔምና ፓስወርድም ይኖራል። ያ ፒፒፒኦኢ የሚባለው አሠራር ነው፣ እሱም የሚጻፈው ሳጥኗ ውስጥ ነው እንጂ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። በነገራችን ላይ ይሄ አሠራር አዲስ ወይም ሚስጥር አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ለሁሉም ክፍት ሆኖ የወጣ ነው፣ በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ከውስጡ ይዞት መጥቷል። ያኔ ሲዲ እየሰጡ "ይሄን ካልጫናችሁ" ይሉ የነበሩት ድርጅቶች ጋ እንኳ፣ ዩዘር ኔሙንና ፓስወርዱን የያዘ ሰው ሲዲውን መሳቢያ ውስጥ ትቶ በዊንዶውሱ በራሱ መገናኘት ይችል ነበር።

የድሮው የስልክ ሽቦ ከሆነ፣ ማለትም ኤዲኤስኤል፣ ዩዘር ኔሙና ፓስወርዱ ላይ ቪፒአይ እና ቪሲአይ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ይጨመራሉ። ራውተሩ ላይ፣ ማለትም መስመሩን የምትቀበለውና ዋይፋይ የምታወጣው ሳጥን ላይ፣ ካልተጻፉ መስመሩ አይነሳም። ቁጥሮቹ ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያዩ ከኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን አትገልብጡ፣ ከራሳቸው ጠይቁ። ሲም የሚገባበት የ4ጂ ወይም የ5ጂ ራውተር ከሆነ ደግሞ የሚፈለገው ሲሙና ኤፒኤን የሚባል አጭር ስም ነው፣ እሱንም ብዙ ጊዜ ራውተሩ ራሱ ያገኘዋል።

በቃ ይሄው ነው። ድርጅቱ መስመሩን አንዴ ከከፈተ በኋላ፣ እነዚህን ቁጥሮች የያዘ ሰው ማንንም ሳይለምን መስመሩን ማስነሳት ይችላል። ሶፍትዌሩ የሚሠራው እነዚህኑ ቁጥሮች በእናንተ ፈንታ መጻፍ ነው፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ ለራሱ ጉዳይ የጨመረው ነው።

ውል ስትፈርሙ

ትልቁ ሥራ የሚያልቀው ቴክኒሻኑ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሱቁ ውስጥ ወረፋ ጠብቃችሁ መስኮቱ ላይ ስትደርሱ ሰውየው ይቸኩላል፣ እናንተም ትቸኩላላችሁ። ግን እዚያው ጠይቁ። መስመሩ ፋይበር ነው ሽቦ ነው ወይስ በአየር? ዩዘር ኔምና ፓስወርድ አለው ወይስ ሳጥኑ በራሱ ነው የሚገናኘው? ካለው በጽሑፍ ይሰጠኛል ወይ? የራውተሩ የውስጥ ገጽ መግቢያ፣ አድሚን የሚሉት፣ ለኔ ይሰጠኛል ወይስ እናንተ ጋ ይቀራል? የራሴን ራውተር መጠቀም እችላለሁ? መልሱን ውሉ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። የነገራችሁ ሰው ስምም ይጻፍ። በኋላ "እንደዚህ አላልንም" ሲመጣ የምታሳዩት ነገር አላችሁ።

ይሄ ጥያቄ እዚህ አገር እንግዳ ይመስል ይሆናል። ሌላ ቦታ ግን ሕግ ሆኗል። ጀርመን አገር ከኦገስት 2016 ጀምሮ ደንበኛው የፈለገውን ራውተር መጠቀም ይችላል፣ ድርጅቱም የመገናኛ ቁጥሮቹን ሳይጠየቅ የመስጠት ግዴታ አለበት። አሜሪካ ደግሞ ደንበኛ የራሱን መሣሪያ ከስልክ መስመር ጋር ማገናኘት ይችላል የተባለው በፈረንጅ 1968 ነው። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ስትጠይቁ አትሸማቀቁ። የምትጠይቁት የራሳችሁን መስመር ቁጥር ነው።

ሌላ የሚምታታ ነገር አለ። የክፍያ አፕና የመስመር ማስነሻ አፕ አንድ አይደሉም። ወርሃዊውን በቴሌብር ብትከፍሉ ከመስመሩ አሠራር ጋር አይገናኝም፣ ቴሌብርም ቢሆን አፑን የማይፈልግ ሰው *127# ብሎ ይጠቀመዋል። "አፕ ያስፈልጋል" ሲሏችሁ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ አስለዩ።

ቴክኒሻኑ የመጣ ቀን

በመጀመሪያ ልጁን ጥሩ አድርጋችሁ ተቀበሉት። ቡና ካለ ቡና፣ ውሃ ካለ ውሃ። ፎቅ ለፎቅ ገመድ ሲጎትት የዋለ ሰው ነው፣ ሶፍትዌሩንም የሚጭነው ታዞ ነው። ብዙዎቹ ዝርዝር ወረቀታቸው ላይ "ተጭኗል" የሚል ቦታ ስላለ እሱን ለመሙላት ነው የሚጭኑት። ስለዚህ ጠብ አያስፈልግም። እኔ የምለው ይሄን ነው፦ "ወንድሜ፣ ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ነው፣ ምንም እንድጭንበት አልተፈቀደልኝም። መስመሩን በስልኬ ብራውዘር እንፈትሸው፣ ከሠራ እፈርምልሃለሁ።" የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሌላችሁ አትዋሹ፣ "የግሌ ነው፣ የሚጫንበትን እኔ ነኝ የምጭነው" በሉ። እስካሁን ይሄን ሰምቶ መስመር ዘግቶብኝ የሄደ የለም።

ራውተሩን እሱ በራሱ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ይሙላው። ያ ሥራው ነው፣ ይሥራ። እናንተ ግን አጠገቡ ቁሙ። ገጹ ላይ ቁጥሮቹን ሲጽፍ "ፎቶ ላንሳው" በሉት። አብዛኛው እሺ ይላል። የሳጥኗን ጀርባ ወይም ሆድ ላይ ያለውን ወረቀት ግድግዳ ላይ ከመሰቀሏ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ምክንያቱም ከተሰቀለች በኋላ ያንን ጽሑፍ ለማየት መፍቻ ትፈልጋላችሁ። እዚያ ወረቀት ላይ የዋይፋዩ ስም፣ ፓስወርዱ፣ መለያ ቁጥሩና ብዙ ጊዜም የመግቢያ አድራሻው አለ።

ከመሄዱ በፊት ፍጥነቱን ፈትሹ። ለዚህም አፕ አያስፈልግም። ብራውዘር ላይ ፋስት ዶት ኮም ብላችሁ ግቡ፣ ገጹ ራሱ ቁጥሩን ይነግራችኋል። በዋይፋይ የሚታየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል፣ ስለዚህ ኬብል ካላችሁ ላፕቶፑን በኬብል ሰክታችሁ አንድ ጊዜ እዩት።

"አፑን ካላወረዳችሁ አይከፈትም" የሚል ገጽ ቢመጣስ

ይሄ ነው ዋናው መጋጫ። መስመሩ ገብቷል፣ ዋይፋዩ ይታያል፣ ብራውዘር ስትከፍቱ ግን ምንም ብትጽፉ አንድ ገጽ ብቻ ይመጣል፣ መሃሉ ላይ ትልቅ "ዳውንሎድ" የሚል ቁልፍ ያለው። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ገጹን እስከ ታች አንብቡት። በብዙዎቹ ላይ ከታች በትንሽ ፊደል "ዝለል" ወይም "በብራውዘር ቀጥል" የሚል ነገር አለ። በስልክ የማይታይ ከሆነ በኮምፒውተር ክፈቱት፣ የኮምፒውተሩ ገጽ ብዙ ጊዜ ሙሉ ነው።

ከሌለ ደውሉ። ለደንበኛ አገልግሎት ስትደውሉ "አፑን ማውረድ አልቻልኩም" አትበሉ፣ ምክንያቱም አፑን እንዴት እንደምታወርዱ ሊያስተምሯችሁ ይጀምራሉ፣ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። "የሳጥኑ መለያ ቁጥር ይሄ ነው፣ የውል ቁጥሬ ይሄ ነው፣ ከእናንተ በኩል ክፈቱልኝ" በሉ። መክፈቱ የሚካሄደው እነሱ ሲስተም ላይ ነው። አፑ የሚያደርገው ያንኑ ቁጥር ለዚያው ሲስተም መላክ ነው። የመጀመሪያው ሰው አይቻልም ካላችሁ አመስግናችሁ ዝጉና እንደገና ደውሉ፣ ሌላ ሰው ይነሳል። የምሬን ነው፣ ለአክስቴ ልጅ ሦስተኛው ሰው ነው በሁለት ደቂቃ የከፈተላት።

ሁሉም ካልሆነ የመጨረሻው መንገድ አሮጌ ስልክ ነው። መሳቢያ ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድ ስልክ የሌለው ቤት የለም። ውስጡ ያለውን ሁሉ ሰርዛችሁ እንደ አዲስ አስነሱት፣ የናንተን ኢሜይል አታስገቡበት ወይም ለዚሁ ብቻ አዲስ ክፈቱ፣ አፑን እዚያ ጫኑ፣ መስመሩን አስከፍቱ፣ ከዚያ አፑን አጥፉት። መስመሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

እዚያ ላይም ቢሆን አፑ የሚጠይቀውን ፈቃድ አንድ በአንድ እዩ። "ያለሁበትን ቦታ" ሲጠይቅ ሁልጊዜ ለክፋት አይደለም። አንድሮይድ ከ6ኛው እትም ጀምሮ አፕ በአካባቢው ያለውን ዋይፋይ ለመፈለግ የቦታ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ "አሁን ብቻ" ብላችሁ ፍቀዱ። የስልክ ቁጥር መዝገባችሁን ወይም የጽሑፍ መልእክታችሁን ካለ ግን አትፍቀዱ። መስመር ለማስነሳት የእናታችሁ ስልክ ቁጥር አያስፈልግም። በመልእክት የሚመጣው ማረጋገጫ ቁጥር ከሆነ ሰበቡ፣ እሱን በእጃችሁ ጻፉት። አገራችንም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1321/2016። "መረጃዬን ለምን ትፈልጉታላችሁ" ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ አይደለም።

ሁሉንም በብራውዘር መሥራት

አፑ የሚያሳያችሁ አብዛኛው ነገር ራውተሩ ውስጥ ያለ ገጽ ላይ አለ። እዚያ ለመግባት ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም። ከዋይፋዩ ጋር ተገናኙ፣ ብራውዘሩ አናት ላይ የሳጥኑን አድራሻ ጻፉ። የሁዋዌ ፋይበር ሳጥን ብዙ ጊዜ 192.168.100.1 ነው። የሁዋዌ የሲም ራውተር 192.168.8.1። ሌሎቹ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1። ካልሆነ ስልካችሁ ላይ ዋይፋዩን ነክታችሁ ዝርዝሩ ውስጥ "ጌትዌይ" ወይም "ራውተር" ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር እዩ፣ እሱ ነው። ሲከፈት "ይሄ ገጽ አስተማማኝ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ አትደንግጡ። የምታወሩት እቤታችሁ ካለ ሳጥን ጋር ስለሆነ ነው። እዚህ ቦታ ብቻ ነው ግን ያንን ማስጠንቀቂያ የምታልፉት፣ የባንክ ገጽ ላይ በጭራሽ።

ገብታችሁ መጀመሪያ የምትቀይሩት የአድሚኑን ፓስወርድ ነው። ቀጥሎ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ። ስሙ ላይ የቤት ቁጥራችሁን አትጻፉ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁሉም ሰው ነው የሚያየው። ጥበቃው ደብልዩፒኤ2 ወይም ደብልዩፒኤ3 መሆኑን እዩ። ደብልዩፒኤስ የሚባለው በቁልፍ መገናኛ ይጥፋ። አዲሱን ፓስወርድ ወዲያው ወረቀት ላይ ጻፉት።

አፖቹ "ዋይፋይዎን እናፈጥናለን" ብለው የሚያጓጉበት ነገርም እዚሁ ገጽ ላይ አለ። እኛ ብሎክ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ስቆጥር ከሃያ በላይ ዋይፋይ ይታያል፣ ሁሉም እየተጋፋ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ ከሆናችሁ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 አድርጉት፣ ከሦስቱ ሰው ያልበዛበትን። ስልካችሁ 5 ጊጋኸርዙን ካነበበ ደግሞ ሳሎን ውስጥ እሱን ተጠቀሙ፣ በኮንክሪት ግድግዳ ግን ብዙ አይሻገርም። ዲኤንኤስ የሚለው ቦታ ላይ፣ የገጾችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ማለት ነው፣ የድርጅቱን ካልወደዳችሁት 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 ወይም 9.9.9.9 መጻፍ ትችላላችሁ። የመጨረሻው ቫይረስ የሚያመጡና የሚያጭበረብሩ ገጾችን የሚከለክል ነው፣ እኔ ልጆች ያሉበት ቤት እሱን ነው የማስገባው።

እዚያ ገጽ ላይ ቲአር-069 የሚል ነገር ታገኙ ይሆናል። ድርጅቱ ከሩቅ ሆኖ ሳጥኑን የሚያስተካክልበት በር ነው፣ በፈረንጅ ከ2004 ጀምሮ በዓለም ላይ ያሉ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት። አንዳንድ ሰው ሲያገኘው ተቆጥቶ ያጠፋዋል። የኔ ሐሳብ የተለየ ነው። ሳጥኑ የነሱ ከሆነ ተዉት፣ ምክንያቱም ማሻሻያውም የመስመሩ ቁጥርም በዚያ በኩል ነው የሚመጣው፣ ስታጠፉት አንድ ቀን መስመሩ ተቀይሮ እናንተ ሳታውቁት ትቀራላችሁ። እነሱ የራሳቸውን ሳጥን መቆጣጠራቸውና የናንተ ላፕቶፕ ውስጥ መግባታቸው በጣም የተለያየ ነገር ነው። ሳጥኑን እንኳ ካላመናችሁት መፍትሔው በሩን መዝጋት አይደለም፣ ከኋላው የራሳችሁን ራውተር ማስቀመጥ ነው።

የራስ ራውተር

ይሄ ብር ያስወጣል፣ ግን ለብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ቤት ብትቀይሩም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። መርካቶ ወይም መገናኛ ስትሄዱ አንድ ነገር ላይ ተጠንቀቁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጀርባው ላይ "ዋን" (WAN) የሚለው ቀዳዳ የኔትወርክ ኬብል የሚገባበት ሰፊው መሆን አለበት። ጠባቡ የስልክ ሽቦ ቀዳዳ ብቻ ካለው የኤዲኤስኤል ነው፣ ከፋይበር ሳጥን ጋር ለማገናኘት አልተሠራም። ሻጩ "ሁሉም ያው ነው" ቢላችሁ ያው አይደለም።

ቀላሉ አገጣጠም ከድርጅቱ ሳጥን "ላን 1" ከሚለው ኬብል አውጥቶ በራሳችሁ ራውተር "ዋን" ላይ መሰካት ነው። አልቋል። ከማንም ፈቃድ አያስፈልግም፣ ድርጅቱ የሚያየው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፣ ስልኩ ቲቪው ላፕቶፑ ሁሉ ከናንተ ራውተር ጀርባ ነው። ሁለቱም 192.168.1.1 ከሆኑ ግን ይጋጫሉ፣ የናንተን 192.168.50.1 አድርጉት። የድርጅቱን ሳጥን ዋይፋይ ከዚያ በኋላ አጥፉት፣ ለምን በከንቱ ይጋፋል። የዚህ አገጣጠም ጉድለት ከውጭ ወደ ቤት መግባት ለሚፈልግ ሰው ነው፣ ለምሳሌ የበር ካሜራውን ቀጥታ ከሥራ ቦታ ማየት ለሚፈልግ። ለሱ ድርጅቱን "ሳጥኑን ብሪጅ አድርጉልኝ" ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ሳጥኗ ገመድ አስተላላፊ ብቻ ትሆናለች፣ ፒፒፒኦኢውን ራሱ የናንተ ራውተር ይደውላል። ዩዘር ኔሙና ፓስወርዱ እጃችሁ ላይ መኖሩ የሚጠቅመው እዚህ ነው። አንዳንድ ገጽ እየከፈተ አንዳንዱ ግማሽ ላይ ከቆመባችሁ ራውተራችሁ ገጽ ላይ ኤምቲዩ (MTU) የሚለውን፣ በአንድ ጊዜ የሚላከውን የዳታ መጠን የሚወስነውን፣ 1492 አድርጉት።

ዶንግል ያላችሁ

ዶንግል ማለት ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ የዩኤስቢ ኢንተርኔት ናት። በድሮው የኢቪዶ፣ ማለትም በአየር የሚመጣው ኢንተርኔት፣ ዘመን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ዩኤስቢዋን ስትሰኩ ኮምፒውተሩ "ሲዲ ገባ" ይላል፣ ከዚያ ፕሮግራም ይጫናል፣ ከዚያ ነው የምትገናኙት። ብዙ ዶንግሎች አሁንም እንደዚያው ናቸው። ውስጧ ትንሽ ሲዲ የምትመስል ቦታ አለች፣ እሷ ላይ ያለው ፕሮግራም ዶንግሏን ወደ ሞደምነት ያዞራታል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባለው ይሄንኑ ያለ ፕሮግራሙ ይሠራላችኋል። ሌሎቻችሁ ስትገዙ ሃይሊንክ የሚባለውን ዓይነት ጠይቁ፣ እንደ ኔትወርክ ካርድ ነው የምትታየው፣ ሴቲንጓም በብራውዘር 192.168.8.1 ላይ ነው። ወይም ሲሙን አውጥታችሁ ስልክ ላይ ክተቱና ሆትስፖት አድርጉት።

ቀድሞ ከተጫነባችሁ

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከዊንዶውስ ሴቲንግ፣ "አፕስ" ውስጥ አጥፉት። በተጫነበት ቀን ደርድሩት፣ በዚያው ቀን አብረው የገቡትም ወንድሞቹ ይታያሉ። ቀጥሎ ብራውዘሩ ውስጥ ገብታችሁ ያልጫናችሁትን ኤክስቴንሽን አንሱ፣ የመነሻ ገጹንና የፍለጋውን ቦታ መልሱ። ሴቲንግ ውስጥ "ፕሮክሲ" የሚለው ባዶ መሆኑን እዩ። ነፃ ጸረ ቫይረስ ብለው የሰጧችሁ ካለም አውጡት። ዊንዶውስ ከ8 ወዲህ የራሱ አለው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያየው። ሰርቲፊኬት። አንዳንድ ፕሮግራም ሲጫን ኮምፒውተሩ ውስጥ የራሱን የእምነት ማህተም ያስቀምጣል፣ ማህተሙን የያዘ ሰው የተቆለፈ ገጽ እንኳ መሃል ገብቶ ማየት ይችላል። ፈጠራ አይደለም፣ በፌብሩዋሪ 2015 አንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ሱፐርፊሽ የሚባል ማስታወቂያ አስገቢ ፕሮግራም ከነማህተሙ ተጭኖባቸው እንደተሸጡ ታውቆ ዓለም ተንጫጭቷል። ዊንዶውስ ላይ መፈለጊያው ውስጥ "ሰርቲፊኬት" የሚለውን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ማስተዳደሪያው ይመጣል። የእምነት ሥሮች ከሚለው ዝርዝር ውስጥ የድርጅቱን ወይም የፕሮግራሙን ስም የያዘ ካለ እሱን አጥፉ። የማታውቁትን ሁሉ ግን አትንኩ፣ ዝርዝሩ በተፈጥሮው ረጅምና እንግዳ ስሞች የሞሉበት ነው። ካልገባችሁ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ።

መስመሩ ሲጠፋ

ስትደውሉ "አፑን ከፍተው ምን ይላል?" ይሏችኋል። መብራቶቹን ንገሯቸው። ፋይበር ሳጥን ላይ "ፖን" የሚለው ረግቶ ከበራ መስመሩ እስከ ቤታችሁ ደርሷል። "ኤልኦኤስ" የሚለው ቀይ ከሆነ ወይም ቀይ እየበራ ከጠፋ ብርሃኑ አይደርስም፣ ገመዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ወይም ተጣጥፏል፣ ያንን ደግሞ የትኛውም አፕ አይጠግነውም። "ኤልኦኤስ ቀይ ነው፣ ሳጥኗን አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ሰው ላኩልኝ" ብትሉ ንግግሩ ያጥራል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር፣ ሳጥኗ ጀርባ ላይ ያለችውን በመርፌ የምትነካ ቀዳዳ አትንኩ። "ሪሴት አድርገው" የሚል ጎረቤት ይመጣል። ያንን ስትነኩ ዩዘር ኔሙም ፓስወርዱም ቁጥሮቹም ሁሉ ሊሰረዙ ይችላሉ፣ ከዚያ በኋላ በእጃችሁ ካልጻፋችኋቸው ቴክኒሻን ጠርታችሁ እንደገና "ላፕቶፑን አምጡ" ይባላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚመታውም ሳጥኗን ነው፣ ስለዚህ ለራውተር የምትሸጠዋን ትንሽ ባትሪ ብትገዙ ጥሩ ነው። የሳጥኗ ቻርጀር ላይ ያለው ቮልት ከባትሪዋ ጋር አንድ መሆኑን ብቻ እዩ፣ 12 ከሆነ 12።

ጋሼ አሁን አንድ ደብተር አላቸው። ገጹ ላይ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ የውል ቁጥር፣ የሳጥኗ መለያ፣ ዩዘር ኔም፣ ፓስወርድ፣ የአድሚን መግቢያ፣ የዋይፋዩ ቃልና የየትኛው መብራት ምን ማለት እንደሆነ ተጽፏል። ቡፌው ውስጥ ከመብራትና ከውሃ ደረሰኝ ጋር ነው የሚቀመጠው። ከጥቂት ሳምንት በፊት መንገዱ ሲቆፈር ገመዱ ተቆርጦ መስመሩ ጠፋባቸው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ራሳቸው ደውለው "ቀይ ነው የሚበራው፣ ቁጥሩ ይኸውልህ" ብለው አነበቡላቸው፣ በማግስቱ መጥተው ቀጠሉት። የመጣው ልጅ ላፕቶፑን ሲጠይቃቸው በስልካቸው ልጃቸውን ደውለው አሳዩት።